የላባ ልጆች ሐሞት

ደብሪቱ ለእረፍት ቤቷ የመጣች ዕለት መነጽሯን አላወለቀችም። እናቷ ኤልዳና አይታዋለች። ደጃፍ ላይ ሲሳሳሙ ጥቁሩ መስታወት ጉንጯን ቆርቁሯታል። ከገቡም በኋላ፣ መጋረጃው ባልተገለጠበት ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ ልጂቱ መነጽሯን እንዳደረገች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታወራ አይታታለች። ኩራት ነው ብላ አለፈችው። የበረራ ድርጅቱ የላባ ሰልጣኞች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ መነጽሩን እንደ ማዕረግ ነው የሚይዙት። ኤልዳና ያን ቀን ያልጠረጠረችው ነገር አልነበረም። የልጇን ቅጥነት ጠረጠረች፣ ዝምታዋን ጠረጠረች፣ ክንዷ ላይ ያለውን ቡናማ ልጥፍ ጠረጠረች። መነጽሩን ብቻ አልጠረጠረችም።

የሐረጎ መንገድ ከተናደ ወዲህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው የሚወርደው በአየር ነው። ታክሲዎቹ የላባ ናቸው። ዱቄቱም፣ ጨዉም፣ አስከሬኑም የሚመላለሰው በላባ ነው። ባትሪው የሚችለው ክብደት ልክ አለውና ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይመዘናል። መጀመሪያ ሚዛኑ ጣቢያው ላይ ብቻ ነበር። ኋላ ሱቅ ደፍ ላይ መጣ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሠርግ ቤት። አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ "እንዴት ዋልሽ?" ማለቱን ትቶ "ቀለል ብሎሻል?" ይባባላል። መልሱ "ተመስገን፣ ቀለል ብሎኛል" ነው። የከበደ ሰው "አለን" ብቻ ይላል፤ ጠያቂውም ነገሩ ገብቶት ወሬ ይቀይራል።

የአየር ታክሲ ዘዋሪ ለመሆን ከሁሉም በላይ መቅለል ያስፈልጋል። ዘዋሪዋ በቀለለች ቁጥር አንድ ጆንያ ይጨመራል። ስለዚህ ላባ ሴቶች ልጆችን ከየቤቱ ይሰበስባል፤ ክንዳቸው ላይ ልጥፉን ይለጥፍላቸዋል፤ ረሃብ የሚባለውን ነገር ይረሱታል። የከተማው ልጆች "ጫጩቶች" ይሏቸዋል። ደብሪቱ ስትገባ እንደ እናቷ ደልደል ያለች፣ ጉንጫም ልጅ ነበረች። አንድ ክረምት ሳይሞላ ሃያ ኪሎ ጣለች። የኤልዳና ጎረቤቶች ምራቃቸውን ዋጥ እያደረጉ "ታድለሽ!" ይሏት ነበር።

ኤልዳና ግን መታደል ሲባል ከኋላው የሚመጣውን የምታይ ሴት ናት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምራለች፤ ያነበበችውን አትረሳም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ ታምናለች። ባሏ የሞተው መንገዱ በተናደ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር መጀመሪያ ደረቷን ትይዛለች፣ ከዚያ ታነሳለች።

ምዝገባው ላይም እንዲሁ ሆናለች። ላባ ያላገቡ ሰልጣኞችን የሚቀበለው በወላጅ ድምፅ ነው። ደስ የሚል የሴት ድምፅ በስልክ ሁለት ነገር ጠየቃት። አንደኛው ሥልጠናውና ልጥፉ ነበር፤ ልጇ እግሯ ሥር ወድቃ ስላለቀሰች ፈቀደች። ሁለተኛውን ስትሰማ ግን ጀርባዋ ቀና አለ።

"የሐሞት ከረጢት ማውጣት።"

"ምን ሆናባችሁ?"

"ምንም አልሆነችም። ለጥንቃቄ ነው። ሁሉም ሰልጣኝ ያወጣል። አራት ትንንሽ ነጥብ ጠባሳ ብቻ ነው የሚቀረው።"

"ያልታመመ ሆድ ምን ይከፈታል?"

"ለጥንቃቄ ነው" አለ ድምፁ፣ በዚያው ለስላሳ ቃና።

ኤልዳና እሳት ሳይነሳ ውሃ ይዞ የሚዞር ሰው ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ነው ብላ አሰበች። "እኔ ሙሉ አድርጌ የወለድኳትን ልጅ አጉድዬ አልሰጥም" ብላ ዘጋች። ላባ አልተከራከረም። ደብሪቱ ከነሐሞቷ ገባች፤ ከመቶ ሰልጣኝ እንዲህ የገባች እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን ይህችው ልጅ ለእረፍት መጥታ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ቀጥኗል፤ ጉልበቷ ከጭኗ ይወፍራል። እያወራችም እጇ ክንዷን ያካል፣ እግሯን ያካል።

"ምን ያሳክክሻል? ማደሪያችሁ ትኋን አለ እንዴ?"

"ኧረ እማዬ! ትኋን እዛ በምን አቅሙ ይገባል? ደጃፉ ላይ ይመዝኑታል።"

ሁለቱም ሳቁ። ኤልዳና ሳቋ ሳያልቅ ተነሳች። የከተማው ቤቶች እሳት የላቸውም፤ ምግብ በየሰው ልክ ተመዝኖ ጣሪያ ላይ በሳጥን ይወርዳል። እሷ ግን አልጋዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ምድጃ አለቻት። ከወረኢሉ የአክስቷ ልጅ በበቅሎ ያመጣላት ቅቤ ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በቅል ተቀምጧል። ዱቄቱን አማሰለች፣ ገንፎውን አጠነከረች፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን ሞላችው። አራስ፣ ከበሽታ የተነሳ፣ ከእስር የተፈታ፣ ሰውነቱ ያለቀበት ሰው ሁሉ የሚታከመው በዚህ ነው፤ ከዚህ ሌላ መድኃኒት እሷ አታውቅም።

"እማዬ፣ አልችልም። ቅባት ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል።"

"የሚያቅለሸልሽሽ ሆድሽ ባዶ ስለሆነ ነው። ነይ አፍሽን ክፈቺ።"

"እማዬ…"

"በሞቴ!"

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ደብሪቱ አፏን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ለሦስተኛው ደግሞ "የአባትሽን ድርሻ" ተባለች። ቅቤው በአገጯ ወረደ። ኤልዳና በአውራ ጣቷ ጠረገችላትና ጣቷን ላሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከክረምት ወዲህ ልቧ እረፍት አገኘ።

እረፍቱ ብዙ አልቆየም። ሰሃኑን አጥባ ስትመለስ ደብሪቱ በጎኗ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ቀኝ እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር ተክላዋለች።

"ምን ሆንሽ?"

"እዚህ ጋ… ቆይ ያልፋል። ሌላ ጊዜም ያልፋል።"

"ሌላ ጊዜ? ሌላ ጊዜ ደግሞ አለ?"

"ያዝ ያደርገኝና ይለቀኛል። ወደ ጀርባዬ ይሄዳል… እዚህ፣ ትከሻዬ ሥር።"

"ጨጓራ ነው" አለች ኤልዳና። ደሴ ውስጥ ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባ በጠበጠችላት። ደብሪቱ ጠጥታ አፍታ ሳይቆይ ተልባውንም ገንፎውንም መለሰችው። ኤልዳና ወለሉን እየጠረገች ሌላ ነገር አሰበች፤ ካሰበችው በኋላም ልትውጠው አልቻለችም።

"ደብሪቱ፣ አትዋሺኝ። የወር አበባሽ መጥቷል?"

ልጂቱ በሕመሟ መሃል የደረቀ ሳቅ ሳቀች። "እማዬ፣ ልጥፍ ያለባት ሴት የወር አበባ ታያለች እንዴ? ማናችንም አናይም።"

ኤልዳና ጨርቁን ጣለች። ይህን ለማን ይናገሩታል? የልጇን ክንድ ይዛ ልጥፉን ገነጠለችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ቀረው ሰውነቷ አልነበረም፤ በዚያ ብርሃን ግን ምን እንደሆነ ለመለየት አልቻለችም።

በዚህ ጊዜ ጎረቤታቸው ጋሽ ናታኒም ሳያንኳኳ ገባ። ድሮ በሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ መንገዱ ሲጠፋ እሱ ከነወሬው ቀረ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የቅቤ ሽታ እስከ ሰኞ ገበያ ደርሷል! ለብቻ ተደብቆ መብላት ያስቀጣል፤ እኔን ያልጠራሽበት ደግሞ ለብቻው ያስቀጣል።" ከዚያ ልጂቱን አየና ቀልዱን ጣለው። "ምን ነካት?"

"ጨጓራ።"

"ጨጓራ ሰውን እንዲህ አያጣምመውም። ተነሺ፣ ወደ ዳሱ እንውሰዳት።"

አቀፋት። ሲያነሳት ሊወድቅ ነበር፤ ክብደት ጠብቆ ጉልበቱን ስላዘጋጀ። "ኧረ ይቺ ልጅ የለችም!" አለ።

ዳሱ መንገዱ ማዕዘን ላይ የቆመ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ መስታወታም ክፍል ነው። ድሮ ጤና ጣቢያ በነበረበት ቦታ ነው የተተከለው። ሕመምተኛው ይገባል፣ መዳፉን ያሳርፋል፣ ይነገረዋል። ደብሪቱ መዳፏን አሳረፈች።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ዳሱ። "ቀለል ብሎዎታል። ምልክቶችዎ ከጨጓራ ጋር ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ለተሟላ ምርመራ መነጽርዎን ያውልቁ።"

ደብሪቱ አላወለቀችም። ጨጓራ ካለ ይበቃል፣ እንሂድ አለች። ድምፅዋ የተጣደፈ ነበር። ኤልዳና ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ልጇ ፊት ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር። በሩን ገፍታ ገባችና መነጽሩን በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ አወለቀችው።

የልጇ ዓይን ነጩ የለም። በእርድ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይመስላል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እማዬ አትጩሂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምልሽ!"

"ባለፈው ሰኞ። መጀመሪያ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ከዚያ ሰገራዬ እንደ ኖራ ነጣ። ከዚያ ማሳከኩ መጣ።" ደብሪቱ መናገር ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። "የመጨረሻው በረራ ፈተና ደርሷል። ከፈተና በፊት የታመመች ሰልጣኝ ትመለሳለች። ሌሎቹ አይታመሙም። ሐሞት የላቸውማ። ከመቶው ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማን እንዳልፈቀደ ታውቂያለሽ።"

ዳሱ በመሃል ገባ። "ተመርማሪዋ የላባ አባል ነች። ዝርዝር ውጤት የሚሰጠው በላባ ክሊኒክ ብቻ ነው። መልካም ቀን" አለና መብራቱን አጠፋ። ኤልዳና የልጇን መዳፍ ደግማ አስነካችው። "መልካም ቀን" አላት ደግሞ።

ጋሽ ናታኒም ኤልዳናን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

"ስሚኝማ። እኔ አጎቴ ቄራ ይሠራ ነበር። በሬ ሲታረድ መጀመሪያ የሚዳሰሰው ሐሞቱ ነው ይል ነበር። ጠጠር ከተገኘበት ያችን ጠጠር የሚገዙ የባሕር ማዶ ሰዎች ነበሩ፤ ከወርቅ አስበልጠው። መድኃኒት ይሠሩባታል አሉ። አሁን በሬው አልቋል። ላባ ለምን በነጻ የሚያወጣ ይመስልሻል?"

"የሰው ጠጠር ምን ያደርግላቸዋል?"

"እኔ ምን አውቄ? ብቻ እዚህ አገር በነጻ የተሰጠ ነገር አይቼ አላውቅም። ሐሞት የሌለው ሰው ደግሞ ወኔ የለው፣ የፈለጉበት ይነዱታል።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ኤልዳና እንኳን ይህን ተነግሯት እንዲሁም ልትሸሽ የተዘጋጀች ነበረች። ልጄን ወደ ቤት እመልሳለሁ፣ ተልባ እሰጣታለሁ፣ ወረኢሉ በቅሎ ልኬ የሚያውቅ ሰው አስመጣለሁ ብላ አሰበች። ዘወር አለች። ደብሪቱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ በፀሐይ ትንቀጠቀጣለች። ጥርሷ ይጋጫል። ኤልዳና ግንባሯን ነካች፤ ያቃጥላል።

"ጣቢያ" አለች። "ወደ ጣቢያ ውሰዱልኝ።"

ታክሲው ዘዋሪዋን፣ ደብሪቱንና አንድ ሌላ ሰው ይይዛል። ሚዛኑ ኤልዳና ላይ ቀይ አበራ። ጋቢዋን አወለቀች፤ ቀይ። ጫማዋን፣ አምባሯን፣ ሻሿን አውልቃ ጋሽ ናታኒም ክንድ ላይ ከመረችው። ሚዛኑ ጥቂት አሰበና አረንጓዴ ሆነ። በዚህ ዓይነት፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን በባዶ እግሯ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነስታ ልጇን አቅፋ ወደ ቆላ ወረደች። ዘዋሪዋ ከደብሪቱ እኩያ የምትሆን ዘነበች የምትባል ልጅ ነበረች። ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞር አለች።

"ቢጫ ሆነች?" አለች።

"ታውቂዋለሽ?"

ዘነበች ፊቷን መለሰችና ታክሲውን አፈጠነችው።

ኮምቦልቻ ያለው የላባ ክሊኒክ ንጹሕ ነበር። ኤልዳና ንጽሕናውን አልወደደችውም። ዶክተር ሶልያና የምትባል የእሷ እድሜ ሴት ተቀበለቻቸው፤ ደብሪቱን አስተኛች፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር በጣቷ ተጫነችና ትንፋሽ ሳቢ አለቻት። ደብሪቱ ትንፋሹን መሃል ላይ ቆርጣ ጮኸች። ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። ከጉበት ሥር የተንጠለጠለች እንደ በለስ ያለች ከረጢት ታየች፤ ጠጠር ሞልቷታል። አንዲቱ ጠጠር ወጥታ ቀጭኑ ቧንቧ ላይ እንደ ቡሽ ቆማለች።

"ጉበት የሚያመርተው ሐሞት እዚህ ይጠራቀማል" አለች ዶክተሯ። "ቅባት ስንበላ ከረጢቱ ይጨመቅና ሐሞቱን ወደ አንጀት ይልከዋል። ዛሬ ቅባት በልታለች?"

ኤልዳና የጣቷ ጫፍ ላይ የቅቤው ጣዕም መጣባት። "ገንፎ" አለች።

"ከረጢቱ ሊጨመቅ ሲል ነው ያመማት። ግን ቧንቧው ከዚያም በፊት ተዘግቶ ነበር፤ ቢጫው የሐሞቱ ነው፣ መውጫ አጥቶ ወደ ደም ተመልሶ። አሁን ደግሞ መርቅዟል። በአፏ በኩል ቱቦ አስገብተን የቆመችውን ጠጠር እናወጣለን። ከዚያ ከረጢቱን እናወጣለን። ካልሆነ መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባል።"

"ጠጠሩ ከየት መጣ?"

"ጠጠር ምክንያቱ ብዙ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በዘር አለ፣ ከእርግዝና ጋር አለ…"

"ልጄ አላረገዘችም። በዘራችን የለም። ከየት መጣ?"

ዶክተሯ ሥዕሉን አጠፋች። "ክብደት ቶሎ ሲወርድ ጉበት ብዙ ስብ ወደ ሐሞቱ ይለቃል። ሰውየው ስለማይበላ ከረጢቱ አይጨመቅም። ሐሞቱ ይረጋል፣ ይጓጉላል፣ ይጠጥራል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችንም ያውቁት ነበር።"

"ስለዚህ ልጥፉ ነው።"

"ቶሎ መቅጠኑ ነው።"

"ያቀጠናት ማን ነው?"

"እመቤት" አለች ዶክተር ሶልያና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለዚህ ነው አስቀድመን የምናወጣው።"

ኤልዳና ክረምቱን ሙሉ ስትጠረጥር የነበረውን ነገር ሰው በአፉ ሲነግራት ደስ ይለኛል ብላ አስባ ነበር። ደስ አላላትም። ክብሪቱም ውሃውም የአንድ ሰው ነው፤ ልጇ ግን አሁን እየተቃጠለች ነው፤ በዙሪያው ከእነዚህ ሌላ ውሃ የያዘ የለም።

"የምታወጡትን ጠጠር ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ይወገዳል።"

"የት?"

"እንደ አሠራሩ። እባክዎ፣ ጊዜ የለንም። ፈቃድ ያስፈልገናል።"

የፈቃዱ ክፍል ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ ጆሮ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ከሷ የሚወጣው ያው የምዝገባው ለስላሳ ድምፅ ነው።

"እባክዎ ፈቃድዎን ይግለጹ።"

"ፈቅጃለሁ" አለች ኤልዳና።

"ድምፅዎ ውስጥ ፍርሃት አለ። በፍርሃት የተሰጠ ፈቃድ አይቆጠርም። ተረጋግተው ይድገሙት።"

"ፈቅጃለሁ አልኩ እኮ!"

"ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ አለ። ተረጋግተው ይድገሙት።"

ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ቃሉን እንደ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "ፈቅጃለሁ።"

"ድምፅዎ ውስጥ ጥርጣሬ አለ።"

ወደ ዶክተሯ ዞረች። "ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?"

"ሰው ተገዶ እንዳይፈቅድ የወጣ ሕግ ነው፤ ለእናንተ ጥበቃ። ካልሆነ ጠዋት እንደገና ይሞክራሉ።"

"ጠዋት ድረስ ትቆያለች?"

ዶክተሯ ወደ በሩ አየች። ፊቷን ያየ ሰው መልሱን አይጠይቅም።

"አምጡልኝ" አለች ኤልዳና። "ልጄን እዚህ አምጡልኝ።"

ደብሪቱን በተሽከርካሪው አልጋ አስገቧት። ትኩሳቱ ዓይኗን አፍዝዞታል። ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ ሌላ ቦታ ነበረች። እናቷን ስታይ ፈገግ አለች፤ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ።

"እማዬ፣ ልሂድ?"

ከጦሳ ግርጌ ልጆች ደጃፍ ላይ ተሰብስበው ስሟን ሲጠሩ እንዲህ ነበር የምትጠይቃት፤ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ፣ የተቆረሰ ዳቦ ይዛ። ኤልዳና ሁልጊዜ መጀመሪያ ትከለክል ነበር። መኪና አለ፣ ውሻ አለ፣ ገደል አለ ትል ነበር። ከዚያ የልጅቷን ፊት ታይና ትሸነፋለች። ያንን ሁሉ አሁን ረሳችው፤ ቀዳዳዋንም ረሳቻት። ጎንበስ ብላ የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ገለጥ አደረገች።

"ሂጂ የኔ ሆድ። ፈቅጃለሁ። ሳይመሽ ተመለሺ።"

"ተመዝግቧል" አለ ግድግዳው። "እናመሰግናለን።"

አልጋው ከእጇ ሥር ተንሸራቶ ሄደ። ኤልዳና እጇ በአየር ላይ እንደቀረ ወደ ቀዳዳዋ ዞረች። ያን ቃል የሰጠችው ለልጇ ነበር። የወሰደው ግን ሌላ ነው።

ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰው ሲያልፍ ሁሉ የእጁን ትሪ፣ የኪሱን ማበጥ፣ የሚገባበትን ክፍል ትመለከት ነበር። አንዱ ትንሽ የተከደነ ጠርሙስ ይዞ አለፈ። ተከትላው ተነሳች፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ታጠፈና ጠፋ። ምን ነበር? ምናልባት ሽንት ነው፣ ምናልባት መድኃኒት ነው። ምናልባት ደግሞ የልጇ ነው።

ፀሐይ ከጦሳ ወዲያ ማዘንበል ስትጀምር ጠሯት። ደብሪቱ ክፍሏ ውስጥ ነቅታለች። ሆዷ ላይ አራት ትንንሽ ፋሻ አለ። ትኩሳቱ በርዷል፤ ዓይኗን ቢጫው ገና አልለቀቀውም፣ እይታው ግን የራሷ ነው። ኤልዳና ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ የጎደለ እንደሆነ ብላ።

"ያማል?"

"ጎኔ የለም" አለች ደብሪቱ። "ማለቴ፣ ያ ሕመም የለም።" ከንፈሯን አረጠበች። "ስንት መዘንኩ አሉ?"

ኤልዳና ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት። ይህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ መሆኑን ለማንም አልተናገረችም።

ነርሷ ትሪ ይዛ ገባች። ቀጭን፣ ደስተኛ ልጅ ነች፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም። ትሪው ላይ አዲስ ቡናማ ልጥፍ አለ።

"እንኳን እግዜር ማረሽ ጫጩቴ! ፈተናው ለሳምንት ተራዝሞልሻል። ይህኛው ልጥፍ ጠንከር ያለ ነው፤ ከእንግዲህ ጠጠር የሚሠራበት ቦታ የለማ። ሁለት ኪሎ ብቻ ይቀርሻል። ክንድሽን።"

"ዛሬ?" አለች ኤልዳና። "ገና ዛሬ ሆዷን ቀደዳችሁ!"

"ፈቅደዋል እኮ እማማ። የዛሬው ፈቃድዎ እስከ ምረቃ ያገለግላል።"

"እኔ የፈቀድኩት እንድትድን ነው።"

"ድናለች" አለች ነርሷ፣ በቅን ልብ። "ደብሪቱ፣ ክንድሽን።"

ደብሪቱ ልጥፉን አየችው። ከዚያ እናቷን አየቻት፤ ፀጉሯ የተበተነ፣ እግሯ አቧራ የለበሰ፣ ጋቢ የሌላት ሴት። ከዚያ ክንዷን ቀስ ብላ ብርድ ልብሱ ሥር አስገባችው።

"ደክሟታል" አለች ኤልዳና ተነስታ። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ነርሷ ደረት መለሰችው። "ነገ።"

"እማማ፣ አይቻልም፤ ዛሬ ካልተለጠፈ ትመለሳለች።"

"ነገ አልኩሽ፣ የኔ ልጅ።" እጇ የነርሷን ትከሻ ነካ። አጥንት ብቻ ነበር፤ ለአፍታ ልቧ አዘነላት። ግን አላቆመችም። ያለ ድምፅ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እያከበረች፣ እስከ ደፉ ገፋቻትና ወደ ውጭ አወጣቻት።

"እማዬ" አለች ደብሪቱ ከኋላዋ። "ያባርሩኛል።"

"ያባርሩሽ።"

"ቤት ምን እሠራለሁ?"

"ትከብጃለሽ" አለች ኤልዳና።

በሩ ላይ፣ ሰው ሲታጠብ እንዲዘጋባት ከውስጥ በኩል የተበጀች ጣት የምታክል መቀርቀሪያ ነበረች። ከውጭ ነርሷ ሌላ ሰው እየጠራች ነው። ኤልዳና መቀርቀሪያዋን እስከ መጨረሻው ገፋች። ቀጭ አለች።